«መቶ አባወራ» አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ መካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ባወጣችሁት ጽሑፍ «ሀንድረድ» (በእንግሊዝኛ «መቶ») የሚለው ቃል «መቶ አባወራ የሚኖርበት ወረዳ» ተብሎ ተተርጉሟል። ሻየር ከሚባለው አውራጃ በታች፣ ከመንደር በላይ ነውና ወረዳ ማለቱ ያስኬዳል። አባወራው ግን ስሕተት ነው።

የሚቆጠረው መሬት ነበር። መለኪያው ሃይድ ይባላል፤ አንድ ቤተሰብ ያኖራል የሚባል መሬት ነው፣ በብዙ ቦታም 120 ኤከር ተብሎ ይታሰብ ነበር። ጋሻ መሬት ለሚያውቅ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ ብቻ ቀላድ የተጣለበት ሳይሆን ለግብር የተገመተ ነው። መቶ መሙላቱም የተረጋገጠ አይደለም። በ1086 እ.ኤ.አ. በተጻፈው ዱምስዴይ በተባለው የእንግሊዝ የመሬት መዝገብ፣ ነገሥታቱ በ10ኛው ክፍለ ዘመን አስበው በከፋፈሉት በመሀል አገር ብዙዎቹ ሀንድረዶች ወደ መቶ ሃይድ ይጠጋሉ። በአሮጌ የንጉሥ ርስቶች ዙሪያ በበቀሉት በደቡቦቹ ግን 20 ገደማም ከ150 በላይም ይገኛል።

ጽሑፉ ጨርሶ የዘለለው ደግሞ ሀንድረድ ችሎት መሆኑን ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን በወጣው ደንብ መሠረት በየአራት ሳምንቱ ይሰበሰብ ነበር፤ ብዙ ጊዜ በሜዳ ላይ፣ በጉብታ፣ በዛፍ ወይም በመልካ አጠገብ። ሴክሎ የተባለው ጉብታ በሚልተን ኪንስ ከተማ መሀል ዛሬም አለ። ከብት ሲሰረቅ ሕዝቡ ዱካውን ይከተላል፤ ዱካው ወደ ጎረቤት ሀንድረድ ከገባ የዚያኛው አለቃ ተነግሮት አብሮ መውጣት አለበት። ሌባ ከማሳደድ የቀረ ሰው መጀመሪያ 30 ፔኒ፣ ሲደግም 60፣ ሲሠልስ ግማሽ ፓውንድ (በዘመኑ 120 ፔኒ) ይከፍላል። በአራተኛው ያለው ሁሉ ይወረሳል፤ ከሕግ ጥበቃም ይወጣል።

ዋፔንቴክን ከሀንድረድ በታች ማስቀመጣችሁም ትክክል አይደለም። እርከኑ አንድ ነው፤ ዴኖች (ከዴንማርክ የመጡ ሰዎች) በሰፈሩባቸው እንደ ዮርክሻየርና ሊንከንሻየር ባሉ አካባቢዎች የተሰጠው ስም ነው፣ ትርጉሙም «መሣሪያ ማንሳት» ከሚል የኖርስ (የጥንት ስካንዲኔቪያ ቋንቋ) ቃል የመጣ ነው። በካርታው ላይ የተጻፈው «ደቡብ ራይዲንግ» የሚባል የዮርክሻየር ክፍልም አልነበረም። ራይዲንግ ማለት ሲሶ ነው፤ ሰሜን፣ ምሥራቅና ምዕራብ ብቻ ነበሩ፣ እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ድረስ።

በሚቀጥለው እትም ካርታውን ብታርሙት፣ ቃሉንም «ሀንድረድ» ብላችሁ እንዳለ ብትተዉት እጠይቃለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ