አናጺዎቹን ረሳችኋቸው

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አሜሪካ መንግሥት አመሠራረት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ግን ነገሩ ሁሉ ፊላደልፊያ ባለው የነጻነት አዳራሽ እንደተጀመረ አድርጋችሁ ጻፋችሁ። እዚያ አይደለም የተጀመረው። እኔ ጎንደር፣ ሳሙና በር አካባቢ በርና መስኮት እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ። ይህቺን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የቅኝ ግዛቶቹ መሪዎች መጀመሪያ የተሰበሰቡት እዚያው ፊላደልፊያ ባለው በአናጺዎች አዳራሽ ነው። ጊዜው ሴፕቴምበር 5 ቀን 1774 እ.ኤ.አ.። ከ13ቱ ቅኝ ግዛቶች የ12ቱ ተወካዮች ተገኙ፤ ጆርጂያ ብቻ ቀረች። ጆርጅ ዋሽንግተን አለ፣ ጆን አዳምስ አለ፣ ፓትሪክ ሄንሪ አለ። የፔንሲልቬንያ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ጆሴፍ ጋሎዌይ የምክር ቤቱን ሕንጻ ሊሰጣቸው ፈልጎ ነበር። ዛሬ የነጻነት አዳራሽ የሚባለው እሱ ነው። እነሱ ግን ሲቲ ታቨርን ከሚባል መጠጥ ቤት ተነሥተው በእግራቸው ሄዱና የአናጺዎቹን ቤት አዩት፤ ወደዱትና እዚያው ተቀመጡ። ጋሎዌይ ኋላ ለእንግሊዝ ንጉሥ ያደረ ሰው ነው፤ ግብዣው ባይጥማቸው አይገርምም።

እንግዲህ ይህ ቤት የመንግሥት አይደለም። በ1724 የተቋቋመ የአናጺዎች ማኅበር ለራሱ መሰብሰቢያ የሠራው ባለ ሁለት ፎቅ የጡብ ቤት ነው። ንድፉን ያወጣው ሮበርት ስሚዝ ከስኮትላንድ የመጣ አናጺ ነው። ማኅበሩ አሁንም አለ፤ ቤቱም አሁንም የራሱ ነው። እኛ ተደራጁ ተብለን የተሰጠንን የቆርቆሮ ሼድ ሳስብ ቅናት ቢጤ ይዞኛል፣ አልዋሽም።

ይባስ ብሎ የነጻነት አዳራሹንም የገነባው ኤድመንድ ዉሊ አናጺ ነው፤ የዚያው ማኅበር አባል። በ1783 ደሞዝ ያልተከፈላቸው ወታደሮች ሲያምፁ የአገሪቱ ምክር ቤት፣ ኮንግረሱ፣ ከፊላደልፊያ ወደ ፕሪንስተን ከተማ ሸሸ። እዚያ የተሰበሰበበትን ናሳው ሆል የሚባለውን የኮሌጅ ሕንጻም የሠራው ያው ሮበርት ስሚዝ ነበር። በመካከሉ ከእንግሊዝ ጋር በነበረው የነጻነት ጦርነት ምክንያት የምክር ቤቱ አባላት ባልቲሞር፣ ላንካስተርና ዮርክ ወደሚባሉ ከተሞችም ተንከራተዋል። ላንካስተር የቆዩት አንዲት ቀን ብቻ ነው። ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆሩ በፊት የእኛም ነገሥታት ከድንኳን ድንኳን ነበሩ። እነዚያ በ1774 አንድ ለመሆን ሲሰበሰቡ ግን እዚህ ዘመነ መሳፍንት ገብቶ ነበር። እሱ ሌላ ወሬ ነው።

የእኔ ነገር ይኸው ነው፤ የተሰበሰቡትን ስም ዘረዘራችሁ፣ ቤቱን የሠሩትን ዘለላችሁ። እዚህም እንዲሁ ነው። አስጎብኚዎቻችን ፋሲል ግቢ ገብተው «ይህን ፋሲል ሠራው፣ ያንን ኢያሱ ሠራው» ይላሉ። ኢያሱ መሮ ጨብጦ ያውቃል እንዴ? በጎንደር ዘመን የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጺዎች በነገሥታቱ ሕንጻዎች ላይ እንደሠሩ የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል። ቱሪስቱ ግን ይህን ሳይሰማ አውሮፕላን ይሳፈራል።

ሌላ ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ስትጽፉ የአናጺዎቹን አዳራሽ ፎቶ አውጡልን። ከቻላችሁ የፊት ለፊቱን ሳይሆን የጣሪያውን ማገር ከውስጥ የሚያሳይ ይሁን። እንዴት እንዳጋጠሙት ማየት እፈልጋለሁ።

አክባሪያችሁ
አናጺ፣ ከጎንደር