ሁሉም ጂኤምኦ አይደለም እኮ
ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ስለ ዘረመል ምህንድስና ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ጥሩ ነው ግን ሁሉንም ጂኤምኦ (ብዙ ጊዜ የሌላ ፍጡር ጂን የገባበት ሰብል ማለት ነው) ብላችሁ አንድ ላይ መጨፍለቃችሁ በጣም ከነከነኝ። ሩዝን ተመልከቱ፣ ጎርፍ ሲውጠው ብዙው ዝርያ አየር ፍለጋ ሽቅብ ይመዘዛል፣ ያለችውን ስኳር ይጨርስና ውሃው ሲጎድል ልፍስፍስ ብሎ ይወድቃል፣ ሰብ1ኤ የሚባለው ጂን ያለው ግን እድገቱን ገታ አድርጎ ይጠብቃል፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ተውጦ ቆይቶ እንኳን መልሶ ያቆጠቁጣል። ጂኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፣ እና ይሄን ልብ በሉልኝ፣ ወደ ሌሎች ዝርያዎች የገባው በማዳቀል ነው፣ የዲኤንኤ ማርከር፣ ማለትም ጂኑ መኖሩን የሚጠቁም ምልክት፣ እያዩ ችግኝ በመምረጥ። ክሪስፐር የሚባለው ዘዴ ደግሞ በዋናነት ሰብሉ ውስጥ ያለውን ጂን ቆርጦ ማስተካከል ነው። ተባይ እንዲቋቋም የተሠራው ቢቲ በቆሎ ግን እውነትም የባክቴሪያ ጂን አለበት። ገበሬው የቱ የቱ እንደሆነ ሳይነገረው እንዴት ብሎ ይወስን? እባካችሁ በሚቀጥለው ለያይታችሁ ጻፉልን።