የኮኳ ስቲከር የኔ አልነበረችም

ሚሚዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እትዬስ ደህና ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው?

ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ዝም ብዬሽ ዛሬ ድንገት ስጽፍልሽ እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራ በዛብኝ፣ ልጅ ታመመብኝ አልልሽም። ምክንያቱ ሌላ ነው፣ እነግርሻለሁ። ብቻ ተቀምጠሽ አንብቢው። አንቺ ቆመሽ ማንበብ ትወጃለሽ፣ ከዚያ ቡናው ገንፍሎ ምድጃውን ካጠፋው በኋላ ነው ትዝ የሚልሽ።

በ2022 ኖቬምበር የላክሁልሽን ፎቶ ታስታውሻለሽ? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፣ እንዳትምታቺ።) ደረቴ ላይ የኮክ ሥዕል ያላት ስቲከር ለጥፌ የተነሳሁት። እዚህ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት ድምፅ የሰጠ ሰው ያቺን ስቲከር ይሰጡታል። አንቺ እልልታሽን ቀድተሽ ላክሽልኝ። «በአንቺ በኩል እኔም መረጥኩ» አልሽኝ። ለሰፈሩ ሁሉ አሳየሽ።

ስቲከሯ የኔ አልነበረችም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት የሰጠችኝ። አልመረጥኩም ሚሚዬ።

ሄጄ ነበር። ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ሄድኩ። መኪናዬን አቁሜ ሰልፉን አየሁት። ረጅም አልነበረም፣ ሃያ ሰው ቢሆን ነው። የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። አንዲት ሴትዮ ለልጇ ብስኩት ትሰጣለች፣ ሁለት ሽማግሌዎች ይሳሳቃሉ። እኔ ግን እግሬ ተሳሰረ። ግንቦት 7 መጣብኝ። ሌሊት ወጥተን የተሰለፍነው፣ ያንቺ ጋቢ፣ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ። ለአንቺ አልዘረዝረውም፣ አብረን ነበርን። አርባ ደቂቃ ያህል መሪ ጨብጬ ተቀመጥኩና ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በማግስቱ ያንን ፎቶ ላክሁልሽ። ከዚያ በኋላ ስትደውይ «እንዴት ነበር፣ ንገሪኝ እስቲ» ትይኛለሽ። ውሸቱን መቀጠል አቃተኝ፣ እውነቱን መናገርም አፈርኩ። ስልክ ማንሳት ተውኩ። ይኸው ነው።

አሁን ለምን ጻፍሽ ብትይኝ፣ በአንዲት አሮጊት ምክንያት ነው። ክላርክስተን፣ ከአትላንታ አጠገብ እንደምኖር ታውቂያለሽ። የሐበሻው አገር ማለት ነው፣ እንጀራውም ዕጣኑም በእግር መንገድ ላይ ነው። ከዓመት ወዲህ የ92 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት እንከባከባለሁ። እማማ ነው የምላቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ወደዱት፣ አሁን ስማቸውን ብጠራ አይሰሙኝም።

አንድ ቀን እግራቸውን ሳሽላቸው «ዜግነት አለሽ አይደል፣ ባለፈው መረጥሽ?» አሉኝ። አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። እውነቱን ነገርኳቸው። ከሰው ሁሉ በፊት ለእሳቸው። አልተቆጡም። እግራቸውን ከሳህኑ አወጡና «ቁጭ በይ፣ የአባቴን ጫማ ልንገርሽ» አሉኝ።

እማማ በ1946 የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ። መካከለኛው ጆርጂያ፣ ገጠር። ያን ጊዜ እዚህ ግዛት ዴሞክራቲክ ፓርቲ ውስጥ ያሸነፈ ሰው ማሸነፉ አለቀ፣ በጠቅላላው ምርጫ የሚገዳደረው የለም። ስለዚህ እውነተኛው ምርጫ ፕራይመሪ የሚሉት የፓርቲው የውስጥ ምርጫ ነው። እሱ ላይ ደግሞ ጥቁር ድርሽ አይልም፣ የነጮች ብቻ ነው። ኮለምበስ በምትባል ከተማ ፕራይመስ ኪንግ የሚባል ፀጉር አስተካካይና ሰባኪ ነበር። በ1944፣ ጁላይ 4 ቀን፣ የነፃነት በዓላቸው ዕለት፣ ልምረጥ ብሎ ሄደ። ገፍትረው አስወጡት። ከሰሰ። ተረታን ብለው ይግባኝ አሉ፣ በ1946 ጸደይ ላይ ግን ለእሱ ጸና። በዚያ በጋ ከ100,000 በላይ ጥቁሮች ተመዘገቡ። የእማማ አባት አንዱ ናቸው።

ለአገረ ገዢነት የሚወዳደረው ዩጂን ታልማጅ ነበር። ቀዩን የሱሪ ማንጠልጠያ እየሳበ የሚናገር፣ ጥቁሮችን ወደ ነጮች ፕራይመሪ አላስገባም ብሎ በአደባባይ የሚምል ሰው። ደጋፊዎቹ የጥቁሮችን ስም ከመዝገብ ለማስፋቅ የታተመ ቅጽ በየካውንቲው (እንደኛ ወረዳ በይው) በትነዋል። ስምሽ ሊኖር ይችላል፣ ሊፋቅም ይችላል። የምታውቂው እዚያ ስትደርሺ ነው።

ከምርጫው በፊት ባለው ማታ አባታቸው የእሑድ ጫማቸውን ቀለም ቀቡ። ጥቁር ጫማ ነው፣ ማሰሪያው አንድ ጊዜ ተበጥሶ የተቋጠረ። እማማ የቀለሙን ቆርቆሮ ይዘው ቆመው ነበር። እናታቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። በማግስቱ ጁላይ 17 ነው፣ አባት ጎሕ ሳይቀድ ወጡ። ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ነጭ ሸሚዛቸው ከጀርባቸው ጋር ተጣብቋል። ፓምፑ ጋ ቆመው ውኃ ጠጡ፣ ጠጡ፣ ከዚያ «ስሜ አለ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

ሚሚዬ፣ ይኼን ሲነግሩኝ እግር የማሸው እኔ ነኝ፣ የማለቅሰውም እኔ ነኝ።

በዚያው ሳምንት ወሬ መጣ። ቴይለር ካውንቲ ውስጥ ሜሲዮ ስናይፕስ የሚባል ከጦርነት የተመለሰ ወታደር ነበር። በዚያ ምርጫ ድምፅ ሰጠ። በማግስቱ ነጮች ቤቱ ድረስ መጥተው በጥይት መቱት፣ በሁለተኛው ቀን ሞተ። ሌሊት ቀበሩት። መቃብሩ ዛሬም የት እንደሆነ አይታወቅም። የእማማ ቤት ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ፋኖስ አልበራም። እናታቸው ጫማውን ደበቁት። በዚያ ወር ሌላም ግፍ ተፈጽሟል። የ17 ዓመቱ የኮሌጅ ተማሪ ማርቲን ሉተር ኪንግ ኦገስት ላይ ለአትላንታ ጋዜጣ ደብዳቤ የጻፈው ያኔ ነው። ገና ማንም ሳያውቀው።

ማን አሸነፈ በይኝ እንጂ! አንቺ እኮ ውጤት ሳትሰሚ አትተኚም ነበር። ካርማይክል የሚባለው ተቀናቃኝ በ16,000 ድምፅ ገደማ በለጠ። ተመራጩ ግን ታልማጅ ሆነ። እማማ ይኼን ያስረዱኝ በከረሜላ ነው። ከሶፋው አጠገብ የሚያኖሩትን የሚንት ከረሜላ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። ጆርጂያ 159 ካውንቲ አላት። ትላልቆቹ ስምንቱ ለየራሳቸው 6 ነጥብ፣ የሚከተሉት ሠላሳው 4፣ የቀሩት 121 ደግሞ 2 ነጥብ አላቸው። ካውንቲውን ያሸነፈ ነጥቡን ጠቅልሎ ይወስዳል። አትላንታ ያለችበትን ፉልተንን በስድስት ከረሜላ አስቀመጡ። ከጎኑ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። «እነዚህ ሦስቱ ከሰው የሚበዛባቸው ጥድ ነው። ከአትላንታ እኩል ናቸው» አሉኝ። አንቺ ሒሳብ አዋቂ፣ ደምሪው፣ 410 ይመጣልሻል። ታልማጅ 242፣ ካርማይክል 146፣ ቀሪው የሌላ ተወዳዳሪ ነው።

ከዚያ የሆነው ደግሞ ለማመን ይከብዳል። ታልማጅ በዲሴምበር 21 ሞተ። ሥልጣን ሳይዝ! ደጋፊዎቹ መታመሙን ስለሚያውቁ በኖቬምበሩ ምርጫ ላይ አንዳንዶቹ የልጁን የኸርማንን ስም በእጃቸው ጽፈው ነበር። የግዛቱ ምክር ቤት በጃንዋሪ 1947 አንድ ሌሊት 161 ለ87 ብሎ ልጁን አገረ ገዢ አደረገው። የቀድሞው ገዢ ኤሊስ አርኖል ቢሮዬን አልለቅም አለ። ቁልፉን ቀየሩበት። አዳራሹ መካከል የእንግዳ መጠየቂያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መሥራት ጀመረ። በሕዝብ የተመረጠው ምክትል ቶምፕሰን ደግሞ የሚገባው ለእኔ ነው አለ። ሦስት ገዢ፣ አንድ ወንበር። የግዛቱን ማኅተም የሚጠብቀው ቤን ፎርትሰን መራመድ የማይችል ሰው ነበር፣ ማኅተሙን ዊልቸሩ ትራስ ሥር አድርጎ ተቀመጠበት። ማንም እንዳይወስደው። እማማ ይኼን ሲናገሩ ድምፃቸው ሁሉ ይለወጣል፣ «ጨዋ ሰው» ይሉታል።

ልጁን ያስመረጠው በእጅ የተጻፈው ስም ነው ብዬሻለሁ። መጀመሪያ እንደሱ ስማቸው በእጅ ከተጻፈ ሌሎች ሁለት ሰዎች ያነሰ ነበር። በኋላ አባቱ ከሚኖርበት ከቴልፌር ካውንቲ 58 ድምፅ ተገኘ ተባለ፣ በዚያ ቀደመ። የአትላንታ ጆርናሉ ጋዜጠኛ ጆርጅ ጉድዊን ሄዶ መዝገቡን አገላበጠ። መራጮቹ በፊደል ተራ እየተሰለፉ የመረጡ ይመስላል። የሞቱ ሰዎች መርጠዋል። ከካውንቲው የለቀቁም እንደዚያው። ጉድዊን በዚህ ሥራው ፑሊትዘር የሚባለውን የጋዜጠኞች ሽልማት ተሸለመ።

እኔን ያመመኝ ይኼ ነው ሚሚዬ። ሌሊት ሌሊት ያሳስበኛል። በአንድ ግዛት፣ በአንድ ዓመት፣ የሞተ ሰው ስም መዝገብ ላይ ቆሞ ይመርጣል። በሕይወት ያለው ስናይፕስ ስሙ ስለተገኘ ይሞታል። የእማማ አባት «ስሜ አለ» ይላሉ፣ ያቺን ለማለት ሕይወታቸውን አስይዘው። እኔ ስሜ ያለምንም ችግር ተጽፎልኝ መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ።

ማርች ላይ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለቶምፕሰን ፈረደ። በሚቀጥለው ዓመት በሴፕቴምበር በተደረገው ፕራይመሪ ግን ልጅየው በድምፅ አሸንፎ ተመለሰ። የእማማ አባት ያኔ ጫማዬን አምጪ አሉ። እናታቸው ከአልጋው ሥር አውጥተው ሰጧቸው። ሁለቴ መረጡ፣ ሁለቱንም ጊዜ የመረጡት ሰው ተሸነፈ። «አልቆጫቸውም?» አልኳቸው እማማን። «ሲሞት ያንኑ ጫማ አድርገንለት ቀበርነው» አሉኝ። ያ የነጥብ ሥርዓት የፈረሰው በ1963 በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። አባታቸው ደርሰውበት ይሁን አይሁን አልጠየቅኋቸውም። መጠየቅ ፈራሁ።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ። የፊታችን ኖቬምበር እዚህ አገረ ገዢ ይመረጣል። እማማ ከምርጫው ቀን ቀደም ብሎ ድምፅ በሚሰጥበት ጊዜ አብረን እንሄዳለን ብለውኛል። እኔ ነኝ የምነዳው። ባለፈው ሳምንት መዝገቤን ባየው ስሜ ውስጥ አንድ ፊደል ጎድሏል። የአባቴ ስም ላይ። መንጃ ፈቃዴ ላይ ሙሉ ነው፣ እዚያ ግን ጎደሎ። ሆዴ ባር ባር አለ። ደወልኩ፣ መታወቂያሽን ይዘሽ ነይ፣ ይስተካከላል አሉኝ። ሰኞ እሄዳለሁ። ትንሽ ነገር ነው ልትይኝ ትችያለሽ። ለእኔ አይደለም። ከሰኞ በፊት እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የ97 የምርጫ ካርዴ (ይኼ ዓመት ብቻ በእኛው ነው) አንቺ ጋ ነው። ያንቺና የኔ አንድ ላይ በብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከእትዬ የሠርግ ፎቶ ሥር ነበር ያስቀመጥሻቸው። ካለ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ለእማማ ላሳያቸው ቃል ገብቻለሁ። «ያንቺ ጫማ ይኼ ነው» ብለውኛል። የአባቴ ስም እሱ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ደግሞ ለራሴ ማየት እፈልጋለሁ።

ከተቆጣሽም ተቆጪ፣ በድምፅ ቀድተሽ ላኪው። መጮኽሽም ናፍቆኛል። ልጆችሽን ሳልጠይቅ፣ ሥራሽን ሳልጠይቅ ይኸን ሁሉ ለፈለፍኩብሽ። በሚቀጥለው ሁሉንም እጠይቅሻለሁ።

ቁጥሬ አልተለወጠም። ቫይበሩን ግን አጥፍቼዋለሁ፣ በቴሌግራም ላኪልኝ። ካርዱን ከፊትም ከኋላም አንሺው።

ያንቺው