ለእማዬ፣ ስለ ዓይንሽና ስለ ሥራዬ

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ፊደሉን ያተለቅኩት ራስሽ እንድታነቢው ብዬ ነው። በደማቅ ጥቁር እስክሪብቶ፣ አንድ መስመር እየዘለልኩ ነው የምጽፍልሽ። ጠዋት ብርሃኑ ጥሩ ሲሆን ትንሽ ትንሽ እያልሽ አንብቢው። እባክሽ ለወንድሜ አታስነብቢው። እሱ ሲያነብ ድምፁ ጎረቤት ድረስ ይሰማል፤ ይሄ ደግሞ የኔና የአንቺ ነው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ንባብ ላይ ጎበዝ ሆናለች፤ ሒሳብ ላይ ግን ትቸኩላለች። ትንሹ ካልታቀፈ አሁንም እንቅልፍ አይወስደውም። ባለፈው ትልቋ «አያቴ መቼ ነው የምትመጣው?» ስትለኝ «ዓይኗን ሲሻላት» አልኳት። «የሚሻላት እዚህ መጥታ ስትታከም አይደል እንዴ?» አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

ምን እንዳልሽ ወንድሜ ነግሮኛል። ሊደብቀኝ ፈልጎ ነበር፤ ጨቅጭቄ አወጣሁት። «በዚያ ገንዘብ ዓይኔን አላሠራም» ብለሻል።

መጀመሪያ የዓይንሽን ጉዳይ ልጨርስ። የዓይን ሞራ ጊዜ በሰጡት ቁጥር እየጠና ይሄዳል፤ በጣም ከጠና ቀዶ ጥገናው ይከብዳል። አሁን ከሆነ ግን አጭር ሥራ ነው። ዓይንሽን ብቻ ያደነዝዙታል፣ ሞራውን አውጥተው ሌንስ ይተኩበታል። ከዚያ በፊት ግን የደም ግፊትሽ መስተካከል አለበት። «ሲሻለኝ ተውኩት» የምትይውን መድኃኒት አትተይው። ግፊት ሳያምም ነው የሚጎዳው። ክኒኑን ካለቀብሽ በኋላ ሳይሆን ሊያልቅ ሲል ንገሪኝ። ደረጃው ላይ ደግሞ በምሽት ብቻሽን አትውረጂ፤ የመጨረሻውን መርገጫ እንደማታዪው አውቃለሁ።

እሺ፣ ወደ ነገሩ ልምጣ።

ትልቋን የወለድኩ ሰሞን ልትጠይቂኝ መጣሽ። ክፍሉ ሰው ሞልቶ ነበር። ልጄን ላነሳ እጄን ስዘረጋ «መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ» አልሽኝ። ሰዎቹ ለንጽሕና ብለሽ መስሏቸዋል። እኔና አንቺ ግን ምን ማለትሽ እንደሆነ እናውቃለን። የሥራ ክፍል ተቀይሬ ጽንስ ማቋረጥ አገልግሎት ላይ መመደቤን የነገርኩሽ በዚያው ሰሞን ነበር። ምንም አልመለስኩልሽም። ተነስቼ ታጠብኩ። ወገቤ እንኳን ገና አልጠናም ነበር፤ ግድግዳ ይዤ ሄጄ ነው የታጠብኩት። አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ በቀን ስንቴ እጄን እንደምታጠብ አልቆጥረውም። ያንን መታጠብ ግን አልረሳሁትም።

ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ያስተማርሽኝም አንቺ። የደብተሬን ዋጋ ከየት ታመጪው እንደነበር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ውለታሽን አልክድም። ግን ያቺ ቃል አሁንም ታመኛለች።

ባለፈው ስልክ ላይ በሬዲዮ የሰማሽውን ክርክር አንስተሽ «ይሄን ሕግ መሻር ነው» ስትዪኝ መልስ ጀምሬ ነበር። ስልኩን መሀል ላይ ለወንድሜ ሰጠሽው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምታደርጊው። ስለዚህ እዚህ ልጨርሰው።

«ሕጉ ሁሉን ለቆታል» ትያለሽ። አለቀቀውም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥን ዛሬም ወንጀል ነው የሚለው። አንቀጽ 551 ላይ የተወሰኑ ሁኔታዎችን ለይቶ አያስቀጣም አለ። ተደፍራ ወይም ከቅርብ ዘመዷ አርግዛ ከሆነ፤ እርግዝናው የእናትየዋን ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ፤ ጽንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ካለበት፤ ወይም አርጋዟ በዕድሜዋ ልጅነት አለዚያም በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት የተነሳ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ከሆነች። የከፋ ድህነት እንኳን ቅጣት ማቅለያ እንጂ ፈቃድ አይደለም። ከዚያ በፊት የነበረው የ1949ኙ ሕግ የሚያውቀው እናትየዋን ከከባድና ዘላቂ አደጋ ማዳንን ብቻ ነበር። አንቺ ልጅነትሽን በዚያኛው ሕግ ነው የኖርሽው።

ይበልጥ የሚያናድድሽ ደግሞ ተደፍሬ ነው ያለች ሴት ቃሏ ብቻ ይበቃል መባሉ ነው። «ትዋሻለች» ትያለሽ። ልትዋሽ ትችላለች። ግን እስቲ አስቢው። የደፈራት አጎቷ የሆነ፣ ገና ትምህርት ቤት የምትሄድ ልጅ የፖሊስ ወረቀት አምጪ፣ ምስክር አቅርቢ ብትባል ማንን ይዛ ትመጣለች? ክሱ ሲመላለስ ሆዷ ይገፋል። ሕግ አውጪዎቹ ይሄን አስበው ነው ማስረጃ አታምጣ ያሉት። ከፊቴ ቁጭ ብለው ወለሉን እያዩ የሚያወሩ ልጆች አሉ። ጫማቸውን ነው የማየው፤ የትምህርት ቤት ጫማ ነው። አንዷ ደብተሯን ሆዷ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛው ነበር፤ እስክንጨርስ አላስቀመጠችውም። አንቺ ብትሆኚ አቅፈሻት ታለቅሺ ነበር። አውቅሻለሁ።

አንቺ የምትዪውንም ቀላል አድርጌ አላየሁትም። «እሱ አፍ የለው፣ ማን ይናገርለት?» ትያለሽ። ትልቅ ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቁትን ሁሉ ኋላ ቀር የሚሏቸውን አልወድም። በማህፀን ያለው ምንም አይደለም ብዬ አላውቅም፤ ሁለት ልጅ አርግዤ እንዴት እላለሁ? ሳምንቱ በገፋ ቁጥር ነገሩ ይከብደኛል። አብሮኝ የሚሠራ ባልደረባዬ ሕሊናዬ አይፈቅድም ብሎ አገልግሎቱን አይሰጥም። አከብረዋለሁ። ተራው ሲደርስ እኔ እገባለታለሁ፤ እሱ ደግሞ ወላድ ክፍል ይሸፍንልኛል። ሴቶቹን ግን ክፉ ቃል ሲናገራቸው ሰምቼው አላውቅም።

የጽንስ ጉድለት ያልኩሽ ላይም አንዴ «ዓይነ ስውር ሰው ታዲያ ሰው አይደለም?» ብለሽኛል። ለዚያ እስከዛሬ አጥጋቢ መልስ የለኝም። ሕጉ የሚለው የማይድንና ከባድ የሆነውን ነው፤ ግን የት ላይ ነው መስመሩ የሚሰመረው? ጥያቄሽ ከእኔ ጋር ነው ያለው።

የማልስማማሽ አንድ ነገር ላይ ነው። ኃጢአት ነው በይ፤ እምነትሽ ነው፣ ቃል አልወጣኝም። ወህኒ ይግቡ ስትዪ ግን አልችልም። ክልከላ ነገሩን ሲያስቆም አላየሁም። የሚለውጠው ወደማን እንደሚኬድ ነው።

ሮማኒያ የሚባል አገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 መሪው ቻውሼስኩ ሕዝቤ ይብዛ ብሎ ከለከለ። በማግስቱ ዓመት የሚወለደው ልጅ ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ ከዚያ ሴቶቹ የጓሮ በር አገኙና ቁጥሩ እየወረደ ሄደ። ሞት ግን አልወረደም። በእናቶች ሞት ከአውሮፓ ቀዳሚ ሆኑ። በሺዎች ናቸው ያለቁት። እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ አገዛዙ ሲወድቅ ሕጉም ወዲያው ተሻረ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የእናቶች ሞት በግማሽ ያህል ቀነሰ። ያው አገር፣ ያው ሐኪም ቤት፣ ያው ሴቶች።

አየርላንድ ደግሞ እንደ አንቺ አጥብቆ የሚያምን ሕዝብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የጽንሱንና የእናትየዋን የመኖር መብት እኩል አድርገው ሕገ መንግሥት ውስጥ አስገቡት። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳቪታ ሃላፓናቫር የምትባል የ31 ዓመት የጥርስ ሐኪም በ17ኛ ሳምንቷ ውርጃ ጀመራት። ጽንሱ እንደማይተርፍ ታውቋል። አቋርጡልኝ ብትል የልብ ምት አለ ተብላ ጠብቂ ተባለች። ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቶ ሞተች። ያቺ ሴት ልጇን ፈልጋው ነበር፣ እማዬ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ 66.4 በመቶው ያ አንቀጽ ይውጣ አለ። እነዚያ ሁሉ እምነታቸውን የጣሉ አይመስለኝም። ብዙዎቹ እናቶችና አባቶች ናቸው።

አሜሪካ በተቃራኒው ሄዳለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በመላው አገሪቱ የነበረውን መብት ፍርድ ቤቱ በ2022 ሽሮ ለየግዛቱ ተወው። ስለዚህ ክርክሩ የትም አልተዘጋም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 73 ሚሊዮን ያህል ጽንስ እንደሚቋረጥና ከ100ው 45 ያህሉ አደገኛ በሆነ መንገድ እንደሚፈጸም ይገምታል። እኛም ጋ ሕጉ እያለ ባለማወቅ ወይም ሰው አየኝ ብለው ፈርተው የማይሆን እጅ ላይ የሚወድቁ አሉ። ደርሰው ሲመጡ የምቀበላቸው እኔ ነኝ። ትኩሳታቸውን ስለካ የማስበው ማንን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ታናሽ እህትሽን ነው።

በቤታችን «ሆዷን አሟት ሞተች» ነው የሚባለው። እኔም ለልጆቼ እንደዚያው ብያለሁ። ግን እማዬ፣ እኔ እዚያ ነበርኩ። ሕፃን ናት፣ አይገባትም ብላችሁ በር ላይ ተዋችሁኝ። ብርድ ልብስ ተደራርቦላት ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። ግንባሯን ዳሰሽና እጅሽን ቶሎ አነሳሽ። ጎረቤታችን «ኧረ ሐኪም ቤት እናድርሳት» ስትል አባባ «ምን ብለን?» አለ። ሁላችሁም ዝም አላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ማንም ያንን ጥያቄ አልመለሰም። ጠዋት አንሶላውን ለማንም ሳትሰጪ ብቻሽን ስታጥቢ አየሁሽ።

ያየሁት ምን እንደነበር የገባኝ ትምህርት ላይ፣ ከውርጃ በኋላ ስለሚመጣ ኢንፌክሽን መምህሯ ስታስረዳ ነው። ብርድ ብርድ ማለቱ፣ ትኩሳቱ፣ ሽታው። ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ። በጊዜ ቢደርሱ የሚድን ነገር ነው። መድኃኒቱ ያኔም ነበረ፤ ሐኪም ቤቱም ሩቅ አልነበረም። «ምን ብለን?» ነው የገደላት።

አንቺ ምን ልታደርጊ ትችዪ ነበር? ፈርተሻል። አባባም ፈርቷል፤ ፖሊሱን፣ ሰዉን፣ ስሙን። እኔ ግን የምሠራው ሥራ ይሄው ነው። አንዲት ልጅ በር ላይ ስትደርስ ይዘዋት የመጡት «ምን ብለን?» እንዳይሉ ነው። እጄን እዚያ ነው የማስገባው። ስሟን አንስተን አልቅሰን የማናውቀው ለምንድነው? ፎቶዋን የት እንዳስቀመጥሽው አውቃለሁ። ትልቋ ልጄ ቁርጥ እሷን እየመሰለች ነው፤ አንቺም ስታያት ፊትሽን ትመልሻለሽ።

ይሄን ስጽፍ እንዳይከፋሽ እየፈራሁ ነው። ግፊትሽም ያሳስበኛል። ካነበብሽው በኋላ ትንሽ ጋደም በይ።

በሥራዬ እንድትስማሚ አልለምንሽም። በጸሎትሽ ስታስቢኝ «ልቦና ስጣት» እንደምትዪ አውቃለሁ፤ በይው። ግን ነይ። ቀጠሮ አስይዤልሻለሁ፤ ቀኑን ወንድሜ ያውቀዋል፣ የሚያመጣሽም እሱ ነው። የምትተኚው ከትልቋ ጋር ነው፤ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አዙረናል፣ ሌሊት መንገድ እንዳይጠፋሽ የመታጠቢያ ቤቱን መብራት አናጠፋም። የመድኃኒቶችሽን ካርቶን ሁሉንም ይዘሽ ነይ፤ የማትወስጂውንም ጭምር።

ገንዘቡን በተመለከተ ባለቤቴ «ካስጨነቃት እኔ ልክፈል፣ የእኔ ነው በያት» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። አልዋሽሽም። የማሳክምሽ እኔ ነኝ፣ በዚሁ ደሞዝ።

ማክሰኞ ማታ እደውላለሁ። አልመጣም የምትዪም ከሆነ ለእኔው ንገሪኝ፤ ስልኩን ለወንድሜ አትስጪው።

ልጅሽ