ያን ጆን አቀብይኝ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የፊላደልፊያ ብርድም አልፎ ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ጀምረዋል።

ዛሬ ስለ አንድ ቃል ላጫውትሽ። ሥራ የገባሁ ሰሞን አብራኝ የምታሽገው ሴትዮ «ያን ጆን አቀብይኝ» አለችኝ። ሰው የምትጠራ መስሎኝ ዞር ዞር አልኩ። ለካ የካርቶን ማሸጊያውን ስኮች ነው! ምሳ ላይ ሳንድዊቿን ገመጥ አድርጋ «ይሄ ጆን ይጣፍጣል» አለች። ማታ ደግሞ ስለ ቅዳሜው ድግስ «ያ ጆን እንዳያመልጥሽ»። ዕቃውም፣ ምግቡም፣ ድግሱም ጆን።

እማዬ፣ ያኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ። እጅሽ ሊጥ ነክቶ፣ በአገጭሽ ወደ ጓዳ እያመለከትሽ «እስኪ ያን እንትን» ስትይኝ። ወንፊቱን ይዤ እመጣ ነበር። ጆን ማለት የኛ እንትን ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ እንትን የምንለው ስሙ ሲጠፋን ወይም ስናፍር ነው። እነሱ ስሙን እያወቁትም ጆን ይሉታል። ደግሞ እኛ «በሩን እንትን አድርጊው» እንላለን፤ ጆን እዚያ ድረስ አይሄድም። ስለ ሴት ከተባለ ደግሞ ነውር ሊሆን ስለሚችል፣ ለሰው እንዳልለው ሴትዮዋ መክራኛለች።

ያስቸገረኝ አጠራሩ ነው። የኛን ዮሐንስ እነሱ አፋቸውን ከፍተው «ጃን» ነው የሚሉት። እኛ ትምህርት ቤት «ጆን» ብለን ነው የለመድነው። ይሄኛው ቃል ደግሞ ከንፈር ሞጥሞጥ ብሎ ጎተት ይደረጋል፣ «ጆኦን»። ስለዚህ ጃን የሚባለውን ባልደረባዬን ለወራት «እንትን» እያልኩ ስጠራው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አላጠቆረብኝም። ሴትዮዋ ናት ለብቻዬ ጠርታ ያረመችኝ። እግዜር ይስጣት።

የቋንቋ አጥኚዎች ቃሉ ኒውዮርኮቹ ለቦታም ለነገርም ከሚሉት «ጆይንት» የመጣ ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የዚህ ከተማ ጥቁር ወጣቶች በራሳቸው አፍ አለዘቡት። አሁን ነጩም ጥቁሩም ይለዋል። እኔ ግን የማን እንደሆነ አልረሳም፤ ቃሉን ያስተማረችኝም የነሱ ልጅ ናት።

ትናንት መቁረጫው ጠፍቶኝ ስፈልግ ስሙ በእንግሊዝኛ አልመጣልሽ አለኝ። «ያ ጆን የት ገባ?» አልኩ። ሴትዮዋ ቀና ሳትል ከኪሷ አውጥታ አቀበለችኝ።

ለአባዬና ለጎረቤቶቹ ሁሉ ሰላም በይልኝ። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ያን እንትን ላኪልኝ፤ ታውቂዋለሽ።

ናፋቂ ልጅሽ