አንድ የቆርቆሮ አጥር ለደብረ ብርሃን ልጆች

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ከተማ ውበት ሲወራ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ ቆሻሻ ተደርጎ ይቆጠራል። እኔ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ሞባይል እየጠገንኩ ነው የምኖረው፤ ሱቄ የሚውሉት ልጆች ከተጣለ ስልክ ስንት ነገር እንደሚሠሩ በዓይኔ አያለሁ፣ እነዚሁ ልጆች ግን ስፕሬይ ይዘው ከተገኙ ዱርዬ ተብለው ይባረራሉ፣ ይሄ በጣም ያንገበግበኛል። የሰው ግድግዳ ያለ ፈቃድ ይበላሽ እያልኩ አይደለም። ግራፊቲ፣ ማለትም የጎዳና ግድግዳ ላይ ጽሑፍና ሥዕል፣ ግን ሌላም መንገድ አለው።

ኒውዮርክ ውስጥ ኢቫን ሮት እና ጄምስ ፓውደርሊ የመሠረቱት ግራፊቲ ሪሰርች ላብ የሚባል ቡድን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ጨዋታ አመጡ። ትንሽ የኤልኢዲ አምፖል፣ ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ፣ አንድ ማግኔት፣ ፕላስተር፤ አለቀ። የአምፖሉ ሁለት እግሮች ባትሪውን ግራና ቀኝ ይይዙታል፣ ማግኔቱ ይጨመርና በፕላስተር ይጠቀለላል፣ መበየድ እንኳ የለውም። ከዚያ ብረት ወዳለበት ይወረወራል፣ እዚያው ተለጥፎ ያበራል። ቀለም አይነካ፣ ግድግዳ አይጭር፣ ሲበቃ ይነቀላል።

የኛ ከተማ ደግሞ በየግንባታው ዙሪያ የቆርቆሮ አጥር ነው። ማግኔት ይይዛል። ማግኔቱ ከተበላሸ ስፒከር ይወጣል፣ አምፖሉም ከሞተ የእጅ ባትሪ። መብራት በጠፋበት ማታ አንድ ሙሉ አጥር በልጆች እጅ ቢበራ ምን ሊመስል እንደሚችል አስቡት እስቲ። አንድ ነገር ግን በጥብቅ መታየት አለበት፤ ክቡ ባትሪ ሕፃን ከዋጠው ሕይወት ያጠፋል፣ ስለዚህ ማታ የተለጠፈው ሁሉ እዚያው ማታ ተለቅሞ መሰብሰብ አለበት።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ሌላ ሥራቸው ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቴምፕት በሚል ስም የሚታወቅ ቶኒ ኳን የሚባል የግራፊቲ ሠዓሊ ነበር፤ ኤኤልኤስ የሚባል የነርቭ በሽታ መላ ሰውነቱን ያዘውና ከዓይኑ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አልቀረለትም። እነ ሮት ከሌሎች ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ርካሽ የመነጽር ፍሬም ላይ የፕሌይስቴሽን ካሜራ አሰሩ፤ ካሜራው የዓይኑን ብሌን ይከተላል፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ ብሌኑ የሄደበትን መስመር ስክሪን ላይ ይሥላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሰውዬው አልጋው ላይ ተኝቶ በዓይኑ ሣለ፣ የሣለው በፕሮጀክተር ከተማው መሃል ትልቅ ሕንፃ ላይ ታየ። ዕቃውን ለመሥራት የፈጀው 50 ዶላር ገደማ ብቻ ነው። አሠራሩንም አልደበቁትም፣ ማንም እንዲሠራው በነፃ ኢንተርኔት ላይ ለቀቁት። የጎዳና ላይ ጨዋታ የሚሉት ሰዎች ለታመመ ወንድማቸው ይህን ሠሩ! ጨዋታ ለምኔ ለሚሉ ወላጆች ይህን ነው የምነግራቸው።

አራም ባርቶል የሚባል ጀርመናዊ አርቲስትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኒውዮርክ ግድግዳ ውስጥ ፍላሽ በሲሚንቶ ቀበረ፣ ጫፉ ብቻ ወጥቶ ይታያል፤ አላፊ አግዳሚው ላፕቶፑን ሰክቶ ፋይል ይወስዳል፣ የራሱንም ያስቀምጣል፣ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ይሄ ለኛ እንግዳ አይደለም፣ ዘፈን በሚሞሪ ስናስጭን ነው ያደግነው። የኛ ክረምት ግን ፍላሹን በአንድ ወር ይገድለዋል፣ ቫይረሱም አለ። ለኛ የሚሻለው ኪው አር ኮድ፣ ያ በስልክ ካሜራ የሚነበበው ባለ ነጠብጣብ ካሬ፣ በስቴንስል ማለትም ቅርጹ በተቆረጠ ካርቶን ላይ ቀለም እየነፉ መቀባት ይመስለኛል፤ ኮዱ እንደ አሠራሩ እስከ 30 በመቶ ገደማ ቢበላሽ እንኳ ይነበባል፣ ስለዚህ ዝናብ ትንሽ ቢልጠው አይሞትም። ስልኩን ያስጠጋ ሰው የመንዝ አዛውንት ፉከራ ወይም የአንኮበር ሽማግሌ ጨዋታ ቢሰማ እንዴት ደስ ይላል!

ስለዚህ ለከተማችን ማዘጋጃ ቤትና ግንባታ ላሏቸው ባለሀብቶች የማቀርበው ጥያቄ ግልጽ ነው። ሰው የሚያልፍበት አንድ የቆርቆሮ አጥር በጽሑፍ ፈቃድ ለልጆቹ ይሰጥ፣ ለአንድ ማታም ቢሆን። የዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተርና የኤሌክትሪካል ተማሪዎችም ቢመጡ ደስ ይለናል። ማግኔትና አምፖል ከኔ ሱቅ ይወጣል፣ ማታ ባትሪዎቹን የሚለቅሙትንም እኔ አስተባብራለሁ። ፈቃዱ ከተገኘ ቀኑን እጽፍላችኋለሁ፣ እናንተ ፎቶግራፍ አንሺ ላኩልን።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ