ያቺ የታንኳ ሌሊት

ሰላም ነው አንቺዬ?

መጥፋቴን አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ “ነገ እደውላለሁ” ስል ከረምኩ። እናትሽ ሲያርፉ እንኳ ለቅሶ አልደረስኩም። ይቅር በይኝ። እሱን ስትመጪ ፊት ለፊት እናወራዋለን፣ በደብዳቤ አይሆንልኝም።

አሁን የምጽፍልሽ ተቸግሬ ነው። አስፈሪ ልብወለድ እየጻፍኩ ነው፣ ለአሥራዎቹ ልጆች። አትሳቂ! አያ ጅቦ መጣ ሲባል ጋቢ ውስጥ ትገቢ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ሁለት ልጆች አመሻሽ ላይ በታንኳ ወደ አባይ መውጫ ይቀዝፋሉ። ከሥር አንድ ነገር ደንገሉን ይቧጭራል። ከየት እንዳመጣሁት ታውቂያለሽ።

ባለፈው ሳምንት ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት። 15 ዓመቷ ነው። በአንድ ሌሊት ጨርሳው መጣች። “አክስቴ፣ ያስፈራል። ግን እኮ የእናትየዋ ታሪክ ነው” አለችኝ። ቡናው እስኪገነፍል ዝም ብዬ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በአዋቂና በወጣት አስፈሪ መጽሐፍ መካከል ያለው ልዩነት የደም መጠን ይመስለኝ ነበር። ደሙን ቀንሺ፣ ስድቡን አውጪ፣ አለቀ። አይደለም። ለወጣቶች በሚጻፈውም ሰው ይሞታል። ባለታሪኳ ልጅ መሆኗም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣውን የስቴፈን ኪንግን “ካሪ” አስቢው። ልጅቷ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፣ መጽሐፉ ግን የአዋቂ ነው። በጋዜጣ ቁራጭና በምርመራ ሪፖርት ጭምር ከሩቅ ያያታል። መዓቱ እንደሚመጣ እኛ ቀድመን እናውቃለን።

የወጣቱ መጽሐፍ ግን ከልጅቷ ጎን አይነቃነቅም። እሷ የማታውቀውን እኛም አናውቅም። አዋቂ የሚፈራው ያለውን ማጣት ነው፤ ልጁን፣ ትዳሩን፣ ቤቱን። እሷ ገና ማን እንደሆነች አልለየላትም። ገላዋ ራሱ እየተለወጠባት ነው። ጭራቁ የሚመጣው በዚያ ሰሞን ነው፣ ለትልቅ ሰው ብትነግር ደግሞ የሚያምናት የለም። መጨረሻው ቢከፋም፣ ብዙ ጊዜ ነገ የሚባል ነገር ይተውላታል።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ያን ሌሊት ጉማሬው አጠገባችን ሲተነፍስ እጄን ያዝሽኝ አይደል? እኔ የፈራሁት ጉማሬውን አልነበረም። ማልቀሴን አይተሽ ሰኞ ክፍል ውስጥ እንዳታወሪብኝ ነበር። ይኸው፣ ከስንት ዘመን በኋላ ነገርኩሽ። መጽሐፉ መሆን ያለበት ይሄ ነበር።

አሁን ግን ስጽፍ ብዕሬ ወደ ዳር ይሄድብኛል። እናትሽ በባዶ እግራቸው ውሃው ውስጥ ቆመዋል። ኩራዙን በነጠላቸው ጫፍ ከንፋስ ከልለውታል። የነጠላው ጥለት በጥላሸት ጠቁሯል። ያኔ ልብ ብዬ አላየኋቸውም። ዛሬ ከሳቸው ሌላ አይታየኝም።

እባክሽ የምታስታውሺውን ጻፊልኝ። ምን ሸተተሽ? ምን አልሽኝ? ያኔ እንደነበርሽ ሆነሽ ጻፊው፣ እንዳታሳምሪው።

እናትሽን ከመጽሐፉ ላወጣቸው ነው። ኩራዝ የያዙበትን ገጽ ግን አልቀደድኩትም። ባህር ዳር ስትመጪ እሰጥሻለሁ።